የእናቱን ዘፈን ይዞ ኦክስፎርድ የገባው ገጣሚ

እ.ኤ.አ. በ1956 የዩጋንዳ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን ለወዳጅነት ጨዋታዎች ወደ ብሪታንያ ተጓዘ። አብዛኞቹ ተጫዋቾች የሚጫወቱት በባዶ እግራቸው ነበር። ጨዋታው አለቀ፣ ቡድኑ ሻንጣውን ሸክፎ ተመለሰ፤ አንድ ተጫዋች ግን እዚያው ቀረ። አልጠፋም፤ ሊማር ነው የቀረው። ዕድሜው 25 ነው። አገሩ ላይ መምህር ነበር፣ የትምህርት ቤት መዘምራን ይመራ ነበር፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋውም አንድ ልብ ወለድ አሳትሟል። ስሙ ኦኮት ፕቢቴክ ይባላል።

ከዚያ ወዲህ ስለ ኳሱ ብዙም አንሰማም። የምንሰማው ስለ ግጥሙና ስለ ጠቡ ነው። ጠቡ ከዩኒቨርሲቲ ጋር ነው። ልብ በሉ፣ ኦኮት ትምህርት የጠላ ሰው አይደለም። በሦስት የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ተምሯል፣ ከዚያም ዕድሜውን ሙሉ በአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አስተምሯል። የሚያጣላው አንድ ጥያቄ ነበር፤ መጻፍ የማትችል አንዲት የገጠር ሴት የምታውቀው ነገር ዕውቀት ነው ወይስ አይደለም? ለዚህ ጥያቄ ሲል ማዕረግም ሥራም አገርም ያጣ ሰው ነው። ዛሬ የምናወጋው ስለ እሱ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልኝ።)

ኦኮት የተወለደው በ1931 በሰሜን ዩጋንዳ፣ ጉሉ በምትባል ከተማ ነው። «ኮት» በአቾልኛ ዝናብ ማለት ነው፤ ኦኮት ደግሞ በዝናብ ወቅት ለተወለደ ወንድ ልጅ የሚሰጥ ስም ነው። አባቱ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ደርሶ መምህር የሆነ ፕሮቴስታንት ነበር፤ ተረት መተረክም ይችልበታል። እናቱ ላቿ ሴሪና ግን ሌላ ነገር ነበረች። ዘፈን ታወጣለች፣ ትጨፍራለች፣ ታስጨፍራለች። በአካባቢዋ ስሟ የታወቀ ዘፋኝ ነች። ኦኮት የግጥም ትምህርቱን የጀመረው ከእሷ አፍ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ሲያድግ የሰበሰባቸው የአቾሊ ዘፈኖች ውስጥ ብዙዎቹን ገና በልጅነቱ ሰምቷቸው ነበር።

እዚህ ላይ ለእኛ አንባቢ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። አቾልኛ ከሉዎ ቋንቋዎች አንዱ ነው። የኬንያ ሉዎዎችና የዩጋንዳ ላንጎዎች፣ የደቡብ ሱዳን ሺሉኮች፣ በጋምቤላ ያሉት የእኛ አኙዋዎችም የዚሁ የቋንቋ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ስለዚህ ሩቅ የሚመስለው የጉሉ ዘፈን በቋንቋ ዘመድነት ከባሮ ወንዝ ዳር ብዙም አይርቅም።

ልጁ ጎበዝ ተማሪ ነበር። ከጉሉ ተነሥቶ በቡጋንዳ ምድር ወደሚገኘው ኪንግስ ኮሌጅ ቡዶ ተላከ። ቡዶ በዘመኑ የነገሥታትና የትልልቅ ሰዎች ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነው። ኦኮት እዚያ ሆኖ አቻን የሚባል ኦፔራ ደርሶ አሳየ። ከዚያ በመምህራን ማሠልጠኛ ተምሮ ጉሉ አጠገብ ባለው በሰር ሳሙኤል ቤከር ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። (ቤከር ያው የዓባይን ገባሮች ፍለጋ በእኛም አገር በኩል ያለፈው እንግሊዛዊ አሳሽ ነው። ኋላ አቾሊዎች መሬት ላይ ምሽግ ሠርቶ ነበር።)

በ1953፣ ገና በ22 ዓመቱ፣ በአቾልኛ «ላክ ታር» የተባለ ልብ ወለድ አሳተመ። «ነጭ ጥርስ» ማለት ነው። ታሪኩ የሚነግረን ስለ አንድ ድሃ ወጣት ነው፤ የሚወዳት ልጅ አለች፣ የጥሎሽ ገንዘብ ግን የለውም። ገንዘቡን ፍለጋ ወደ ደቡብ ይሄዳል፣ ጉልበቱን ይሸጣል፣ ጥቂት ያጠራቅማል። ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገድ ላይ ይዘረፋል። ባዶ እጁን ገባ። የሰው አገር ሄዶ ለሠርግ፣ ለቤት፣ ለቤተሰብ ብሎ ያጠራቀመውን ያጣ ሰው ታሪክ ለእኛ አዲስ አይደለምና ብዙ አላብራራም።

ከዚያ የ1956ቱ ጉዞ መጣ። ኦኮት ብሪስቶል ገብቶ የትምህርት ዲፕሎማውን ያዘ፣ ወደ ዌልስ ተሻግሮ አበሪስትዊዝ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረ። ሕጉን ሲያጠና የአፍሪካውያን ባህላዊ ሕግ ጉዳይ ሳበው፤ ከሕጉ ወደ ባህሉ ተሳበና በ1960 ኦክስፎርድ የማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ተቋም ገባ።

ነገሩ የከረረው እዚህ ነው። አንትሮፖሎጂ በዚያን ጊዜ በብዛት ያደጉት አገሮች ሰዎች ያላደጉ የሚሏቸውን ሕዝቦች የሚያጠኑበት መስክ ነበር። ኦኮት ገና በመጀመሪያው ትምህርት ላይ መምህሩ አፍሪካውያንን አረመኔና ያልሠለጠነ በሚሉ ቃላት ሲጠራ ሰማ። ተቃወመ፤ ሰሚ አላገኘም። ቤተ መጻሕፍት ገባ፣ መጻሕፍቱም እንደዚያው ይላሉ። እንግዳ ተናጋሪ መጣ፣ እሱም ያንኑ ቃል ይደግማል። ይህን ሁሉ ኋላ በጻፈው መጽሐፍ መግቢያ ላይ ተርኮታል። አስቡት፤ ስለ እናትህና ስለ አያትህ የሚሰጥ ትምህርት ላይ ቁጭ ብለህ ማስታወሻ ትይዛለህ፣ ፈተናው ላይ ደግሞ ያንኑ መልሰህ ትጽፋለህ።

ተቋሙ ተራ ቦታ እንዳይመስላችሁ። ኃላፊው ኤድዋርድ ኢቫንስ ፕሪቻርድ ነበር፤ ስለ ኑዌርና ስለ አኙዋ በጻፋቸው መጻሕፍት በዓለም የታወቀ ምሁር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሱዳንና ኢትዮጵያ ድንበር ላይ የአኙዋ ተዋጊዎችን ይዞ ጣሊያንን ወግቷል። ማለትም ኦኮት የገባው የራሱ የቋንቋ ዘመዶች የመማሪያ ምዕራፍ ሆነው የሚጠኑበት ቤት ውስጥ ነው። የሚጠናው ሕዝብ ልጅ ወንበር ስቦ አጥኚዎቹ መካከል ሲቀመጥ ምን እንደሚፈጠር ያኔ ገና ብዙ ልምድ አልነበረም።

ኦኮት ግን አቋርጦ አልወጣም። ስለ አቾሊና ስለ ላንጎ ዘፈኖች የጥናት ጽሑፉን ሠርቶ የመመረቂያ ዲግሪውን ያዘ። በዚያው በብሪታንያ ቆይታው የክርስትና እምነቱን ተወ። ከዚያ ወደ ጉሉ ተመለሰ።

ጉሉ ሲደርስ በማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ከመደበኛው ውጭ ሕዝብን በሚያስተምረው ክፍል ሥራ አገኘ። ቢሮ ከመቀመጥ ይልቅ በየመንደሩ መዞርን መረጠ። ሙሾውን፣ የፍቅር ዘፈኑን፣ በአለቃ ፊት የሚጨፈረውን ቡዎላን፣ ወጣቶች የሚተጫጩበትን ኦራክን መዘገበ። ከጓደኞቹ ጋር የጉሉን የኪነ ጥበብ በዓል ጀመረ። ትልቁ ሥራውም የተጻፈው በዚህ መሐል ነው።

«ዌር ፓ ላዊኖ» ይባላል፤ የላዊኖ ዘፈን። መነሻውን በ1956 ገና ከአገሩ ሳይወጣ ጽፎት ነበር፤ አሁን አስፋፍቶ እንደገና ሠራው። በአቾልኛ፣ ቤት በሚመታ ስንኝ። ታሪኩ ቀላል ነው። ላዊኖ ያልተማረች የገጠር ሴት ነች። ባሏ ኦቾል ዩኒቨርሲቲ በጥሶ የመጣ ሰው ነው። አሁን እሷን ማየት አይፈልግም፤ ከንፈሯን ቀይ ከምትቀባ፣ ፊቷን ዱቄት ከምትነሰንስ፣ ክሌመንታይን ከምትባል ዘመናዊት ጋር ሆኗል። ኦቾል ላዊኖን ይሰድባል፤ አታነብም፣ ጊታር አታውቅም፣ ሰዓት መቁጠር አትችልም ይላታል። ዘመዶቿንም ጨምሮ ይሰድባል። ላዊኖ ተነሥታ መልስ ትሰጣለች። መጽሐፉ በሙሉ መልሷ ነው።

የእንግሊዝኛው ቅጂ 13 ክፍሎች አሉት፤ አንዱም አይሰለችም። ለምን መሰላችሁ? ላዊኖ አታለቅስም፤ ታሾፋለች። በአንዱ ክፍል የፈረንጅ ዳንስን ትወስዳለች። በጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በጭስና በላብ መሐል፣ ሰው ሁሉ የሌላውን ሚስት አቅፎ የሚሽከረከርበትን ጭፈራ ከአደባባዩ ኦራክ ጋር እያነጻጸረች ማን ነው ነውረኛ ብላ ታስጠይቃለች። በሌላው ክፍል ሰዓት ይመጣል። ባሏ ግድግዳ ላይ የሰቀለው ሰዓት አለ፤ ሕፃን የሚጠባው በሰዓት ነው ይላታል። እሷ ደግሞ ሕፃን የሚጠባው ሲርበው፣ ሰው የሚተኛው ሲደክመው መሆኑ እንዴት እንደሚጠፋው ግራ ይገባታል። የኤሌክትሪክ ምድጃው፣ ፀጉር መተኮሱ፣ የክርስትና ስሙ፣ አንዱም አይቀራትም።

ፖለቲካውንም አትምርም። ኦቾል አንድ ፓርቲ ነው፣ ወንድሙ ሌላ ፓርቲ። ሁለቱም መድረክ ላይ ስለ ነጻነትና ስለ አንድነት ይናገራሉ፤ ቤት ሲመጡ ግን ወንድማማቾቹ አይነጋገሩም፣ ላዊኖም ከባሏ ወንድም ጋር እንዳትቀልድ ትከለከላለች። ላዊኖ የምታየው ይህንን ነው። ጋዜጣ አንብባ አይደለም፤ ማን ከማን ጋር እንደማይበላ አይታ ነው።

እንደኔ እንደኔ ከሁሉ የሚበልጠው የመጽሐፍ ክፍሉ ነው። የኦቾል ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ መጽሐፍ ነው። ላዊኖ ይህን ጨለማ ጫካ ታስመስለዋለች፤ ባሏ እዚያ ጫካ ውስጥ ገብቶ ወንድነቱን ጥሎ የወጣ ይመስላታል። ይህን የጻፈው ሰው የኦክስፎርድ ተማሪ የነበረ መሆኑን አስታውሱ። ኦኮት በላዊኖ አፍ ሲያሾፍ የሚያሾፈው በራሱም ላይ ነው። ለዚህ ይመስለኛል ግጥሙ ስብከት ያልሆነው። ጸሐፊው ከላዊኖ ጋር ቢያብርም፣ ኦቾል የገባበትን ጫካ እሱም ገብቶ አይቶታል።

የግጥሙ ማዕከል አንድ የአቾሊ ምሳሌያዊ አነጋገር ነው፤ ስለ ዱባ። እኛ ዱባ ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለን ከቅል ጋር ያለው ነገር ነው፤ የአቾሊው ሌላ ነው። አቾሊዎች መንደር ሲቀይሩ የድሮው ግቢ ላይ ዱባው ይቀራል። ማንም ሳይንከባከበው ያፈራል፣ መንገደኛም ይበላዋል። እንግዲህ አዲስ ቤት የሠራህ ሰው፣ የድሮውን ቤትህን ዱባ ለመንቀል ምን ያደክምሃል? ላዊኖ ኦቾልን አዲስ ቤት አትሥራ አላለችውም። ይህን ብዙ አንባቢ ይስተዋል። የፈረንጅን ባህል ለፈረንጅ ጥሩ ነው ትላለች፤ የምትለምነው የእሷ እንዳይነቀል ብቻ ነው።

መጽሐፉ እንዴት እንደታተመ ደግሞ ራሱን የቻለ ምፀት ነው። በአቾልኛ የተጻፈው ግጥም መጀመሪያ የታተመው በእንግሊዝኛ ነው። ኦኮት ራሱ ተረጎመውና በ1966 ናይሮቢ ላይ በኢስት አፍሪካን ፐብሊሺንግ ሃውስ ወጣ። ሲተረጉመው ምቱንና ቤት መምታቱን እንደጎዳው ራሱ መጽሐፉ ላይ ገልጿል። አቾልኛው የታተመው ከሦስት ዓመት በኋላ በ1969 ነው። ማለትም የላዊኖ እህቶች የላዊኖን ቃል በራሳቸው ቋንቋ ታትሞ ለማየት ከለንደን አንባቢ በኋላ ወረፋ ጠበቁ። ጥፋቱ የኦኮት ነው አልልም፤ የማሳተሚያው ገበያ የቆመው እንዲያ ነበር።

የሆነ ሆኖ መጽሐፉ ምሥራቅ አፍሪካን አናወጠ። እስከዚያ ድረስ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ አፍሪካዊ ገጣሚ ባብዛኛው በዩኒቨርሲቲ የተማረውን የእንግሊዝ ግጥም መንገድ ይከተል ነበር። ኦኮት ረጅም፣ በቀላሉ የሚገባ፣ ከአፍ የወጣ የሚመስል ግጥም አመጣ። ተማሪውም ጸሐፊውም አነበበው። ሌሎች ገጣሚዎችም በእሱ መንገድ ዘፈን እያሉ መጻፍ ጀመሩ።

በዚያው ሰሞን ኦኮት ካምፓላ ገባና የዩጋንዳ የባህል ማዕከልና የብሔራዊ ቴአትር ዳይሬክተር ሆነ፤ ቦታውን የያዘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነው። የከተማው ቴአትር መድረክ ላይ ከበሮ ያለው፣ ቄጠማ ያሰረ፣ ከገጠር የመጣ ጨፋሪ ወጣ። ለነጻነት በዓልም ለቀናት የዘለቀ ትልቅ ፌስቲቫል አዘጋጀ። የደስታው ዘመን ግን አጭር ነበር። አገሪቱ በዚያ ጊዜ ጥሩ አየር ላይ አልነበረችም፤ በ1966 ሚልተን ኦቦቴ ሕገ መንግሥቱን ሽሮ፣ የቡጋንዳን ንጉሥ ቤተ መንግሥት በጦር አስወግቶ ሥልጣኑን ጠቅልሏል። በፖለቲከኛ ላይ የሚያሾፍ የቴአትር ኃላፊ ለእንዲህ ዓይነት መንግሥት አይመችም። ኦኮት ወደ ዛምቢያ በሄደበት ከሥራው ተነሣ። ኦቦቴ ላንጎ ነው፤ ቋንቋው ከኦኮት ቋንቋ ጋር እጅግ የሚቀራረብ። ላዊኖ ስለ ወንድማማቾች የተናገረችው በደራሲዋ ላይ ደረሰ።

ስደቱ ኬንያ ሆነ፤ መጀመሪያ ኪሱሙ፣ ኋላ ናይሮቢ። ኪሱሙ ሲደርስ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እዚያም የኪነ ጥበብ በዓል ጀመረ። ሰውየው የትም ቢጥሉት ከበሮ የሚሰበስብ ዓይነት ነው። በ1969 ወደ አሜሪካ፣ ወደ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የዓለም አቀፍ ጸሐፊዎች ፕሮግራም ሄዶ ቆየ፤ ተመልሶም በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ጥናት ተቋም ተመራማሪና መምህር ሆነ። ናይሮቢ በዚያን ጊዜ እየፈላች ነበር። በ1968 ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፣ ታባን ሎ ሊዮንግና ኦዉር አኙምባ የእንግሊዝኛው ክፍል ቀርቶ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ማዕከል የሚሆንበት ክፍል ይቋቋም ብለው ጥያቄ አቅርበዋል። የቃል ሥነ ጽሑፍ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሊሆን የበቃው በዚህ ክርክር ነው። ለኦኮት ይህ አዲስ አልነበረም፤ ከጉሉ ጀምሮ ሲሠራው የኖረው ነው።

ከኦክስፎርድ ጋር የነበረው ሒሳብ ግን አልተዘጋም። ስለ መካከለኛው ሉዎ ሃይማኖት የጻፈውን የዶክትሬት ጽሑፍ አቀረበ፤ በ1970 ገምጋሚዎቹ ጣሉት። ኦኮት ጽሑፉን መሳቢያ ውስጥ አልቀበረውም፤ በዓመቱ ናይሮቢ ላይ መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። በዚያው ሰሞን ደግሞ ስለ አፍሪካ ሃይማኖቶችና ስለ ምዕራባውያን ምሁራን ሌላ መጽሐፍ አሳተመ፤ ያ መጽሐፍ ጦርነት ነው።

ከመጽሐፉ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በ1911 የጣሊያን ካቶሊክ ቄሶች የአቾሊ ሽማግሌዎችን ሰብስበው ማን እንደፈጠራቸው ይጠይቃሉ። ችግሩ ቋንቋው ነው፤ በሉዎ ከምንም ተነሥቶ መፍጠር የሚል ራሱን የቻለ ቃል የለም። አስተርጓሚው ሸክላ ሠሪ ጭቃን እንደምታበጀው ማን አበጃችሁ ብሎ አዞረው። ሽማግሌዎቹ ጥያቄው ግራ አጋባቸው፤ ሰው ከእናቱ ይወለዳል እንጂ ማን ያበጀዋል? አናውቅም አሉ። ቄሶቹ አልለቀቁም፣ መልስ ይፈልጋሉ። በመጨረሻ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አንድ ነገር ትዝ አለው። ሰው ደህና ሆኖ ይወለድና የአከርካሪ ቲቢ ሲይዘው ይጎብጣል፤ ቅርጹ ይለወጣል፣ እንደ ጭቃ ይበጃል። ይህን የሚያደርገው ሩባንጋ የሚባል ክፉ መንፈስ ነው። ስለዚህ ሰውን የሚያበጀው ሩባንጋ ነው ብሎ መለሰ። ቄሶቹ ደስ አላቸው። ከዚያ በኋላ በአቾሊ ምድር የሰማዩ አባት ሩባንጋ እየተባለ ተሰበከ።

ይህ ቀልድ አይደለም፤ የኦኮት ክርክር ሁሉ እዚህች ታሪክ ውስጥ አለ። ጠያቂው መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ሽማግሌው የሚፈለግበት ቃሉን እንዲያዋጣ ብቻ ነው። ኦኮት ነጮቹን ብቻ ከስሶ ቢያቆም ብዙ ጭብጨባ ያገኝ ነበር። እሱ ግን ወደ ገዛ ወገኖቹ ዞረ። ጆን ምቢቲን፣ ኬንያታን፣ ሌሎችንም ስመ ጥር አፍሪካውያን ጸሐፊዎች በስማቸው ጠርቶ፣ አፍሪካ ከጥንትም እንደ ክርስቲያኑ ያለ አምላክ ነበራት እያሉ የአያቶቻቸውን አማልክት የግሪክ ልብስ ያለብሷቸዋል ሲል ተቸ። ጆሞ ኬንያታ በወቅቱ ያስጠለለው አገር ፕሬዚዳንት መሆኑን አትርሱ።

ትክክል ነበር? በሁሉም አይደለም ባይ ነኝ። የአፍሪካ ሃይማኖቶች ሁሉ እንደ አቾሊው ናቸው ማለት አይቻልም፤ አቾሊዎችም ዛሬ ሩባንጋ ብለው ሲጸልዩ ስለ ጉብጥና እያሰቡ አይደለም። ቃል ትርጉሙን ይለውጣል። ነገር ግን ማን ጠየቀ፣ በማን ቋንቋ ጠየቀ፣ መልሱን ማን ጻፈው የሚለውን ነገር እንደ እሱ በግልጽ ያነሣ ሰው ያኔ ጥቂት ነበር።

ሌሎቹን የግጥም ሥራዎቹን ቶሎ ቶሎ እንለፋቸው። በ1970 «የኦቾል ዘፈን» ወጣ፤ የባልየው መልስ ነው። ኦቾል የአፍሪካን ያለፈ ነገር ሁሉ አቃጥሉት፣ አፍርሱት ይላል፤ ሲያነቡት ግን የድል አድራጊ ድምፅ የለውም፣ የተጨነቀ ሰው ድምፅ ነው። በ1971 «የእስረኛው ዘፈን» እና «የማላያ ዘፈን» በአንድ መጽሐፍ ታተሙ። ማላያ በስዋሂሊ ሴተኛ አዳሪ ማለት ነው። እስረኛው በነጻነት ተስፋ የቆረጠ ድሃ ነው፤ ማላያዋ ደግሞ ማታ ደጇን አንኳኩተው ጠዋት የሚያወግዟትን ጨዋ ሰዎች አንድ በአንድ ታወጣቸዋለች። መጽሐፉ በ1972 የጆሞ ኬንያታን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አገኘ፤ በኬንያታ ላይ የጻፈው ሰው በኬንያታ ስም ተሸለመ። በ1974 ደግሞ ለዓመታት የሰበሰባቸውን የአቾሊ ዘፈኖች ከነትርጉማቸው አሳተመ።

ለላዊኖ ትችትም አልቀረላትም። አንዳንዶች የገጠሩን ኑሮ አሳመረው፣ ርሃቡንና በሽታውን ደበቀው አሉ። ሌሎች ደግሞ ላዊኖ ሁለተኛ ሚስት መጣችብኝ ብላ አለመቃወሟን፣ የምትቃወመው መናቋን ብቻ መሆኑን አንሥተው፣ ይህ የሴት ድምፅ ነው ወይስ ሴት እንዲህ ብትሆን ደስ የሚለው ወንድ ድምፅ ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለኦኮት የምንከራከርለት አንድ ነገር ቢኖር፣ ሴቶች በአደባባይ ዘፈን ባልን መስደብ የሚችሉበትን የአቾሊ ወግ ከእናቱ አይቶ እንጂ ፈልስፎ አልጻፈም።

በ1971 መጀመሪያ ኢዲ አሚን ዩጋንዳ ላይ ሥልጣን ያዘ። በሠራዊቱ ውስጥ የነበሩ አቾሊዎችና ላንጎዎች በገፍ ተገደሉ። ኦኮት ለመመለስ ያለው ዕድል ተዘጋ፤ የስደት ጊዜው ተራዘመ። ከናይሮቢ በኋላ ናይጄሪያ፣ ኢፌ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። አሚን በ1979 ሲወድቅ ኦኮት ወደ አገሩ ገባ። ማኬሬሬ ተቀበለው፤ በ1982 የፈጠራ ድርሰት ፕሮፌሰር አደረገው። ኦክስፎርድ የከለከለውን ማዕረግ በሌላ በር አገኘው ማለት ነው። ግን አልቆየም። በዚያው ዓመት፣ ሐምሌ ውስጥ፣ በ51 ዓመቱ ካምፓላ ላይ ሞተ።

ከሞተ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአቾሊ ምድር ጦርነት ተነሣ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለ20 ዓመት ገደማ መንግሥትና የጌታ ተከላካይ ጦር የሚባለው አማፂ ቡድን ሲዋጉ ሰሜን ዩጋንዳ ባዶ ቀረ። ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰው ከየመንደሩ ተነሥቶ መጠለያ ጣቢያ ውስጥ ታጎረ። ካምፕ ውስጥ የኦራክ ሜዳ የለም፤ እሳት ዙሪያ ተቀምጦ ተረት የሚነገርበት ግቢ የለም። አንድ ሙሉ ትውልድ መንደር ምን እንደሆነ ሳያይ አደገ። የድሮው ግቢ ላይ የቀረው ዱባ ብቻ ነው ቢባል ምሳሌ መሆኑ ቀርቶ የወሬ ዘገባ ሊሆን ይችላል። ሰዉ ወደ ቀዬው መመለስ የጀመረው ከ2006 በኋላ ነው። ኦኮት በ1960ዎቹ እየዞረ የመዘገባቸው ሙሾዎችና የፍቅር ዘፈኖች በወረቀት ላይ ባይቀሩ ስንቶቹ ከዚያ ሁሉ ይተርፉ ነበር?

ታባን ሎ ሊዮንግ፣ ያ የናይሮቢው ባልደረባው፣ በ2001 ላዊኖን ከአቾልኛው እንደገና ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ አወጣት፤ የኦኮት የራሱ ትርጉም ዋናውን አሳጥቶታል የሚል ሐሳብ ነበረው። የኦኮት ልጅ ጁሊያን ኦኮት ቢቴክም ገጣሚ ሆናለች፤ አባቷ በተሰደደበት ኬንያ ተወልዳ ካናዳ የምትኖር ሲሆን ስለ ሩዋንዳ የዘር ጭፍጨፋ የጻፈችው የግጥም መጽሐፍ በ2016 ታትሟል። ላዊኖ ደግሞ በምሥራቅ አፍሪካ ትምህርት ቤቶች ለፈተና ከሚነበቡት መጻሕፍት አንዷ ሆነች። ማንበብ ባለመቻሏ የተናቀችው ሴት የምትናገረውን ተማሪው ከመጽሐፍ ያጠናል፣ መምህሩ ያርመዋል፣ ሰዓቱ ሲደርስም ደወል ይደወላል።